ቤቱ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል፣ ትኋኑ ግን አለ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጎንደር ከተማና ከአካባቢዋ ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ያጠነጥናሉ፤ የባሕር ዛፍ፣ የቅርንፉድ፣ የጦስኝ፣ የጠጅ ሣር ዘይት የቤት ተባይ ያጠፋል ወይስ አያጠፋም? ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን የሚከተሉትን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ማራኪ አካባቢ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ትኋን መከራዬን አሳየኝ። መጀመሪያ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅዬ ውሃውን ረጨሁ፤ ቅጠሉንም ፍራሹ ሥር አነጠፍኩ። ለሁለት ቀን ጠፍቶ ተመልሶ መጣ። ቀጥዬ 30 ሚሊ ሊትር የባሕር ዛፍ ዘይት ገዝቼ በውሃ በጥብጬ ረጨሁ። አሁን ቤቱ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል፣ ትኋኑ ግን አለ። የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?

መልስ፦ ሦስት ቦታ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያው ነው።

ከቅጠሉ እንጀምር። በባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ ተባይን የሚጎዳው ተናኙ ዘይት ሲሆን ዋናው ንጥረ ነገር ሲኒዮል ይባላል። ድስቱ ክፍት ሆኖ ሲፈላ ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ተያይዞ ይወጣል። ወጥ ቤቱን ያወደው ያ ሽታ ከድስቱ ያመለጠው መድኃኒት ነበር። የቀረልዎት ቡናማ ውሃ አንሶላ ያበላሽ እንደሆነ እንጂ ትኋን የሚጎዳበት ነገር እምብዛም የለውም።

ሁለተኛው ስሕተት ዘይቱን በውሃ መበጥበጥዎ ነው። ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሐድም፤ የቱንም ያህል ቢንጡት ከደቂቃ በኋላ ላይ ይንሳፈፋል። የመርጫው ቀጭን ቱቦ ግን የሚስበው ከሥር ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ሁሉ ሲያዳርሱ የረጩት ተራ ውሃ ነበር። ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ያልተበረዘው ዘይት ተራው ደርሶ አንድ ቦታ ላይ ይተፋል። ያ ቦታ ፍራሽ ከሆነ የሚተኛበትን ሰው ቆዳ ይለበልባል፤ ቀለም የተቀባ እንጨት ከሆነ ቀለሙን ያነሳል።

ኡዞ የተባለው መጠጥ ላይ ውሃ ጠብ ሲደረግ ወተት የሚመስለው፣ በአልኮሉ ውስጥ ሟሙቶ የነበረው የአኒስ ዘይት ውሃ ሲበዛበት እልፍ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ስለሚበተን ነው። መርጫችን ውስጥ የምንፈልገውም ያንን ነጭ መልክ ነው፤ የምናመጣው ግን በሳሙና ነው። የቤት አረቄ ዘይቱን በሚገባ ለማሟሟት አቅም ያንሰዋል፤ ጠንካራው አልኮል ደግሞ እሳት ይጠራል።

ለአንድ ሊትር መርጫ መጠኑ እንዲህ ነው፦ የቅርንፉድ ዘይት 10 ሚሊ ሊትር፣ የባሕር ዛፍ ወይም የናና ዘይት 10 ሚሊ ሊትር፣ ላርጎ (ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና) 20 ሚሊ ሊትር፤ የቀረው ለብ ያለ ውሃ። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ግን የበለጠ ይታመናል። ደረቅ ብርጭቆ ውስጥ መጀመሪያ ዘይቱንና ላርጎውን ብቻ ያድርጉ፤ ውሃ አይንካው። የሚያብለጨልጭ ዘይት ለብቻው እስከማይታይ ድረስ ለሁለት ደቂቃ ያህል ያማስሉ። ከዚያ ውሃውን በቡና ሲኒ እየለኩ፣ እያማሰሉ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ድንገት ይነጣል። ውሃውን ባንዴ ካፈሰሱበት ይቋረጥና ዘይቱ ተመልሶ ይንሳፈፋል። አሥር ደቂቃ አስቀምጠው ላዩን በብርሃን ይመልከቱት፤ የዘይት ክብ ከታየ አንድ የሻይ ማንኪያ ላርጎ ጨምረው እንደገና ያማስሉት። በዕለቱ ይጠቀሙበት፤ እየረጩም ደጋግመው ይነቅንቁት።

ሳሙናው የማዋሐድ ሥራ ብቻ አይደለም ያለው። የትኋን ገላ በሰም የተሸፈነ በመሆኑ ተራ ውሃ ተንከባሎ ይወርድለታል፤ ሳሙና የገባበት ውሃ ግን ይጣበቅበታል፣ ዘይቱንም ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በአሜሪካ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ትኋን ያጠፋሉ ተብለው ከሚሸጡ 11 ተፈጥሯዊ ምርቶች ውስጥ በቀጥታ ተረጭተው ከ90 በመቶ በላይ ትኋን የገደሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ከዕፅዋት ዘይቱ ጋር ሳሙናነት ያለው ንጥረ ነገር ነበረባቸው። የቀሩት ዘጠኙ ያን ያህል አልገደሉም።

ቅርንፉድን ያስቀደምነው በምክንያት ነው። በውስጡ ያለው ዩጂኖል ኦክቶፓሚን የተባለውን የነፍሳት ነርቭ መልእክተኛ ሥራ ያውካል። ለሰው ኦክቶፓሚን ይህን ያህል ቦታ የለውም፤ ለነፍሳት ግን ዋና ነገር ነው። የጦስኝ ዘይትም ካገኙ በባሕር ዛፉ ፈንታ ይሆናል፤ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉት ንጥረ ነገሮቹ ብርቱ ናቸው። ባሕር ዛፍ ብቻውን ከእነዚህ ይደክማል።

ሦስተኛው ስሕተት የጊዜና የቦታ ነው። የዕፅዋት ዘይት የሚገድለው እርጥብ ሆኖ የነካውን ነው። ሲደርቅ ይተናል፣ ኃይሉም አብሮ ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ የሚፈለፈለው ዕንቁላል የሚጠብቀው ነገር አያገኝም። ትኋን ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ዕንቁላሉን ይፈለፍላል፤ በጎንደር ቀዝቃዛ ሌሊት ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ አንዴ ረጭቶ መተው የለም። በየሳምንቱ፣ ቢያንስ አራት ዙር ይርጩ። ሁለት ቀን ጠፍቶ የተመለሰብዎትም ሽታው ስላሸሸው እንጂ ስለሞተ አልነበረም።

ቅደም ተከተሉ ይኸውና። ጠዋት ይጀምሩ፣ እስከ ማታ እንዲደርቅ። አንሶላና ብርድ ልብሱን በላስቲክ ከረጢት ቋጥረው ከክፍሉ ያውጡ፤ እያራገፉ ከወሰዱት በየመንገዱ ይዘሩታል። የሚችለውን በ60 ዲግሪ ውሃ ያጥቡ፤ የሚፈላ ውሃ ላይ ግማሽ ያህል ቀዝቃዛ ሲጨመርበት ወደዚያ ይጠጋል። የብረት አልጋ ከሆነ መገጣጠሚያውን ፈተው ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ያንቆርቁሩበት። ይህ ዕንቁላሉንም ይጨርሳል፤ እውነቱን ለመናገር ከማንኛውም ዘይት ይበልጣል። እንጨት ከሆነ ይቀራል፣ ይጣመማል። ከዚያ የፍራሹን ስፌት በጣት እየገለጡ፣ የአልጋውን ስንጥቅ፣ ከራስጌ ያለውን ግድግዳ፣ የማብሪያ ማጥፊያውን ዙሪያ (ውስጡን አይንኩ፣ ኤሌክትሪክ ነው)፣ የኮርኒሱን ጠርዝ፣ የተሰቀለ ሥዕል ካለ ጀርባውን ያዳርሱ። ለአንድ አልጋና ለዙሪያው ግማሽ ሊትር ገደማ ይበቃል። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ሁሉ ቤቱ ነው፤ እዚያ ላይ እስኪርስ ይርጩ።

ፍራሹን ፀሐይ ላይ ማውጣት ብቻውን ብዙም አያስኬድም። ላዩ ቢሞቅም ትኋኑ ወደ ጥላው ወገን ይዞራል።

ግድግዳው ጭቃ በመሆኑ ስንጥቁን በአዲስ ምርጊት ይድፈኑት። አልጋውን ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቀው እግሮቹን የሳሙና ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ያቁሙ፤ ብርድ ልብሱም መሬት እንዳይነካ። የጎረቤት ክፍል በአንድ ግድግዳ የሚገናኝ ከሆነ ከጎረቤትዎና ከአከራይዎ ጋር ተነጋግረው ባንድ ቀን ቢረጩ ይሻላል፤ አለዚያ የእርስዎ ትኋን ለሳምንት ያህል እንግድነት ሄዶ ይመለሳል።

ሲረጩ መስኮትና በር ይከፈት። በክፍሉ ውስጥ ከሰል አይኑር፣ ዕጣንም አይጨስ። የባሕር ዛፍ ዘይት እንፋሎት 50 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በእሳት ሊያያዝ ይችላል፤ ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ፍሙ ሁልጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ «ንጹሕ» ተብሎ የሚሸጠው የባሕር ዛፍ ዘይት እውነተኛ መሆኑን እንዴት ልወቅ? ጠርሙሱ ላይ የተጻፈ ብዙ ነገር የለም።

መልስ፦ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ያንጠባጥቡ፤ አጠገቡ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት። ነፋስ ባለበት ቦታ ግማሽ ቀን ይተዉት። እውነተኛው ተንኖ ወረቀቱ ንጹሕ ይሆናል ወይም ለዓይን የሚያስቸግር ጥላ ብቻ ይቀራል። በምግብ ዘይት የተበረዘው ብርሃን የሚያሳልፍ የስብ ክብ ይተዋል። ይህ በአልኮል የተበረዘውን አያጋልጥም። ለእሱ ደግሞ ትንሽ ዘይት ቀጭን ብልቃጥ ውስጥ በእኩል መጠን ውሃ ላይ ጨምረው ይነቅንቁና ያቁሙት፤ የዘይቱ ንብርብር ከገባው መጠን አንሶ ከተገኘ ጎድሎ የታየው አልኮል ሆኖ ውሃው ውስጥ ገብቷል።

ሻጩ ከሃይላንድ ፕላስቲክ ቀድቶ የሚሰጥ ከሆነ ይለፉት። እነዚህ ዘይቶች ስስ ፕላስቲክ ይበላሉ። ቡናማ ጠርሙስ፣ ጥብቅ ክዳን፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ያስፈልጋቸዋል፤ ከተከፈቱ በኋላ ከዓመት በላይ ባይቆዩ ይመረጣል። ያረጀ ዘይት ሽታው ይጎመዝዛል፤ ቆዳ ላይ ሽፍታ የሚያወጣውም በብዛት እንዲህ ያለው ነው።

ጥያቄ፦ አዘዞ ነው የምንኖረው፤ ግቢያችን ባሕር ዛፍ በባሕር ዛፍ ነው። የአረቄ ማውጫ ዕቃም አለን። ዘይቱን ራሳችን ማውጣት እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ፤ መንገዱ ከአረቄ ጋር አንድ ነው። ግን በዚያው ዕቃ አታውጡ። ሸክላው ሽታውን ይጠጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው አረቄ ሁሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል፤ መቃውም እንዲሁ። ክዳኑ የሚገጥም የብረት ድስትና የብረት ቧንቧ ያስፈልጋችኋል።

መጀመሪያ ዛፉን እወቁ። ነጭ ባሕር ዛፍ ግንዱ በረጅም ልጥ እየተላጠ ለስላሳና ነጣ ያለ ይሆናል፤ ለጋው ቅጠል ክብ፣ ፊት ለፊት የተጣመረ፣ አመድማ ሰም ያለው ነው፤ የጎለመሰው እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ወፈር ያለ ነው። ዘይት በብዛትም በዓይነትም የሚሰጠው እሱ ነው፤ ከዘይቱ ከግማሽ የሚበልጠው ሲኒዮል ነው። ቅጠሉ ቀጠን ያለው ቀይ ባሕር ዛፍ ይሸታል እንጂ የሚወጣው ዘይት በአብዛኛው ያነሰ ነው።

ቅጠሉን ውሃ ውስጥ አትቀቅሉት። ከድስቱ ግርጌ ሦስት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቀዳዳ ያለው ብረት አስቀምጡ፤ ውሃው ከታች፣ ቅጠሉ ከላይ፣ እንፋሎቱ በመካከሉ ያልፋል። በጣም ጠቅጥቃችሁ ከሞላችሁት እንፋሎቱ አንድ ቀዳዳ ፈልጎ በዚያ ብቻ ይወጣል፣ የቀረው ቅጠል እንዳለ ይቀራል። በጣም ከሳሳም ማገዶ ማባከን ነው። የክዳኑን ዙሪያ ለአረቄ እንደምታደርጉት በሊጥ ምረጉት።

መጠበቅ ያለባችሁ ቧንቧው የሚቀዘቅዝበትን ውሃ ነው። የሚንጠባጠበው ፈሳሽ እጅ ላይ ሞቅ ካለ ወይም ከጫፉ እንፋሎት ከታየ ዘይቱ እያመለጠ ነው፤ ግቢው ባሸተተ ቁጥር ጠርሙሱ እየጎደለ እንደሆነ ቁጠሩት። ውሃውን ለውጡ፣ እሳቱን ቀንሱ። መንጠባጠብ ከጀመረ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት በቂ ነው። የድስቱ ውሃ ካለቀ ቅጠሉ ያርርና ዘይቱ የጭስ ሽታ ይይዛል።

የተጠራቀመውን በጠባብ አንገት ጠርሙስ አቁሙት፤ ዘይቱ ላይ ይቆማል፣ በስሪንጅ ትስቡታላችሁ። ቅርንፉድ ስታወጡ ግን እንዳትደነግጡ፤ የሱ ዘይት ከውሃ ስለሚከብድ ሥር ይዘቅጣል፣ «አልወጣም» ብሎ የሚደፋው ብዙ ነው። ከ10 ኪሎ እርጥብ የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል በደህና ዕቃ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ይጠበቃል፤ በቤት ዕቃ ግማሹን ካገኛችሁ ተሳክቶላችኋል። ሥራው ደጅ ላይ ይሁን፤ የተጠራቀመው ዘይት ከምድጃው ይራቅ።

ጥያቄ፦ ከቆላድባ ነው የምጽፈው። ልጄ ሰባት ወሯ ነው። ቢምቢ እንዳይነካት የባሕር ዛፍ ዘይት እግሯንና ደረቷን ልቀባት?

መልስ፦ በፍጹም አይቀቡ፤ ደረት፣ አፍንጫና ፊት አካባቢ ይልቁንም አደጋ ነው። ሲኒዮል፣ ካምፎርና ሜንቶል ያለባቸው ዘይቶች የሕፃንን የአየር ቧንቧ በድንገት ሊያጠብቡ ይችላሉ። የባሕር ዛፍ ዘይት ትንሽ ልጅ ከጠጣው ጥቂት ሚሊ ሊትር እንኳ ሊያንዘፈዝፍና ራስ ሊያስት ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ አያስመልሱ፤ በትውከቱ ጊዜ ዘይቱ ወደ ሳንባ ይገባል። ወተት አጠጣለሁ ብሎ ጊዜ ማጥፋትም አይገባም። ጠርሙሱን ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሩጡ።

«የሎሚ ባሕር ዛፍ» ከሚባለው ዝርያ ዘይት የሚሠራ፣ ፒኤምዲ የተባለ ንጥረ ነገር ያለው የቢምቢ ማባረሪያ አለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመከርም። እሱም ከተራው የባሕር ዛፍ ዘይት የተለየ ነው። የጠጅ ሣርና የሲትሮኔላ ዘይት ለአዋቂ ቆዳ ላይ ቢቀባ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ሰዓት አያልፍም፤ የወባ ቢምቢ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ትሠራለች።

ቆላድባ ያለችበት ደምቢያ ወባማ ነው። ለልጅዎ የሚሆናት በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ነው፤ ጫፉ ፍራሹ ሥር የተጠቀጠቀ፣ ያልተቀደደ፣ ጨለማ ከመሆኑ አስቀድሞ የተዘረጋ። አጎበሩ ላይ ዘይት አይርጩ። ቤተሰብ ውስጥ ለሥራ ወደ መተማ ወይም ሁመራ የሚወርድ ካለም ይኸው አጎበር አብሮት ይሂድ፤ እዚያ ካላዛር የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ አለች፣ ለእሷም ሽታ አይበቃትም።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤት አለኝ፣ ፒያሳ አካባቢ። በረሮው አስቸገረኝ። የናና ዘይት ስረጭ ይሸሻል፤ ደግሞ አዲስ ቦታ ይታያል። መርዝ ከምግብ አጠገብ መርጨት አልፈልግም።

መልስ፦ የሆነው እርስዎ እንደጻፉት ነው፤ ሸሸ። ናና፣ ባሕር ዛፍና ጠጅ ሣር ለበረሮ ከመግደል ይልቅ ማባረር ይቀናቸዋል። የተባረረው ደግሞ ግድግዳ ውስጥ፣ ማቀዝቀዣ ሞተር ሥር ወይም ጎረቤት ይገባል። እንቁላሉም ቆዳ በመሰለ ከረጢት ውስጥ ስለሆነ ዘይት አይደርስበትም። ትንሿ ቡናማ በረሮ፣ አንገቷ ላይ ሁለት ጥቁር ሰረዝ ያላት፣ በአንዱ ከረጢት ከ30 በላይ እንቁላል ይዛ ትዞራለች።

ለእርስዎ የሚሻለው ማጥመጃ ምግብ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ቦሪክ አሲድ ከሦስት ማንኪያ ስኳርና ከሦስት ማንኪያ ዱቄት ጋር በጥቂት ውሃ ለውሰው የሽምብራ ያህል እያድቦለቦሉ ምድጃውና ማቀዝቀዣው ሥር፣ የቧንቧ መግቢያ ጋ፣ ልጅና እንስሳ በማይደርስበት፣ ከምግብ ማዘጋጃውም ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ቦሪክ አሲዱን ማብዛት ይጎዳል፤ በረሮው ቀምሶ ይተወዋል። በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት እዚያ አካባቢ ምንም ዓይነት ዘይት አይርጩ። ማጥመጃ አስቀምጦ ዙሪያውን ናና መርጨት እንግዳ ጠርቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው። ማታ ማታ ምድጃው ሥር ያለውን ቅባት በላርጎ ይጠቡ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያስጠግኑ፤ ውሃ ያላጣ በረሮ ምግብ ሳያገኝም ሳምንታት ይቆያል።

ጥያቄ፦ ከጠዳ ነው። 20 ኪሎ ሽምብራ አለኝ፣ ነቀዝ ጀምሮታል። የቅርንፉድ ዘይት ጥጥ ላይ ነክሬ ጆንያው ውስጥ ብከት ይሠራል?

መልስ፦ በጆንያ አይሠራም። ጆንያ ይተነፍሳል፣ ሽታው በሌሊት ይወጣል። በተዘጋ ጀሪካን ውስጥ የተወሰነውን ነቀዝ ይገድላል፤ ግን ሽሮዎ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይልብዎታል። ለሚበላ እህል አንመክርም።

ነቀዝ የጀመረውን ሽምብራ በበጋ ቀትር ጥቁር ላስቲክ ላይ ከሦስት ጣት ባልበለጠ ውፍረት ያስጡትና በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አልብሰው ጠርዙን በድንጋይ ይጫኑት። ከውስጡ ያለው ሙቀት ከ57 ዲግሪ በላይ ለአንድ ሰዓት ከቆየ በፍሬው ውስጥ ያለው ትል ጭምር ይሞታል፤ እርግጠኛ ለመሆን ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ይተዉት። ትኩሱን ወደ ዕቃ አይክተቱ፤ ያልበዋል፣ ይሻግታል። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ነፍተው በሚጠብቅ ጀሪካን ወይም ሦስት ድርብ ባለው ከረጢት ያሽጉት።

ሌላው የታወቀ መላ የምግብ ዘይት ነው፤ ለአንድ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለ20 ኪሎዎ 100 ሚሊ ሊትር። በእጅ ደጋግመው እያሹ እያንዳንዷን ፍሬ ካላዳረሱት ግን ዋጋ የለውም፤ የሚሠራው ገና ያልተፈለፈለውን ዕንቁላል አየር በመንፈግ ነውና። ትሉ ወደ ውስጥ ከገባ አይደርስበትም፤ ስለዚህ ከፀሐዩ ቀጥሎ ይደረግ። ለዘር የሚቀመጠውን ለብቻ ያድርጉት።

ጤፍ ግን እምብዛም አያሳስብም። ፍሬው ለነቀዝ ትንሽ ነው፤ እንዲያውም ጥራጥሬን በጤፍ መካከል የማስቀመጥ የቆየው ልማድ የሚሠራው ጤፉ ክፍተቱን ሞልቶ ነቀዙን መንቀሳቀሻ ስለሚያሳጣው ነው።

አንዳንዶች ያነሱትን የነቀዝ ማጥፊያ ኪኒን በተመለከተ፦ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፣ ማርከሻም የለውም። ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ካለ እህል ጋር አይቀመጥም። በዚህ ጉዳይ ድርድር የለንም።

ጥያቄ፦ ቤታችን ወለሉ መሬት ነው፤ ቁንጫ አለ። ጤና አዳም ወቅጬ ጨምቄ እጄና እግሬ ላይ ተቀባሁ፤ ቀን ፀሐይ ላይ ዋልኩ። በማግስቱ እንደ እሳት ቃጠሎ ውሃ ቋጠረ። አለርጂ ነው?

መልስ፦ አለርጂ ሳይሆን አይቀርም ብለው አይዘናጉ፤ ጤና አዳም ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኙ ማንኛውንም ሰው ያቃጥላሉ። የሎሚ ጭማቂም በመጠኑ እንዲሁ ያደርጋል። የቋጠረውን አያፍርጡት፣ ከፀሐይ ይሸፍኑት፣ ከሰፋ ይታዩ። ጠባሳው ለወራት ጠቁሮ ሊቆይ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት የጤና አዳም ጭማቂና ዘይት ጨርሶ ባትነካው ይሻላል።

ቁንጫው ያለው እግርዎ ላይ አይደለም፤ ትሉ በወለሉ አቧራ ውስጥ ነው፣ ድር መሰል ሽፋኑ ውስጥ ያለውን ደግሞ ምንም መርጫ አይነካውም። ምንጣፉን ያውጡ፣ ጥጋጥጉን ሳይቀር በየቀኑ ጠርገው ጥራጊውን ያቃጥሉ፣ ወለሉን በእበት ደግመው ይለቅልቁ። ለትኋን የጻፍነውን ድብልቅ ከመለቅለቁ በፊት ጥጋጥጉ ላይ መርጨት ይረዳል። ማታ ደግሞ ጠፍጣፋ ሰሃን ላይ የሳሙና ውሃ አድርገው ከትንሽ መብራት ሥር መሬት ላይ ያኑሩ፤ ጠዋት የሰመጡትን ቆጥረው እየቀነሱ መሆን አለመሆናቸውን ያያሉ። ውሻ ካለ እሱም ይታከም፤ አለዚያ ድካሙ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ጉንዳን ስኳር ዕቃ ውስጥ ይገባል።

መልስ፦ መንገዱን በላርጎ ውሃ ይጥረጉ፤ እርስ በርስ የሚከተሉት መሬት ላይ የተዉትን ሽታ ነው። ከዚያ መግቢያው ላይ ከላይ ከተጻፈው ድብልቅ ይርጩ። የስኳሩን ዕቃ ውሃ ባለበት ሰሃን ላይ ያቁሙት።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የተላለፈ የብራና ዳዊት አለን። የሽፋኑ እንጨት ትንንሽ ቀዳዳ አውጥቷል፣ ዱቄት ይረግፋል። የጥድ ወይም የባሕር ዛፍ ዘይት ልቀባው?

መልስ፦ እባክዎ አይቀቡት። ዘይት ብራናውን ብርሃን የሚያሳልፍ ያደርገዋል፣ ቀለሙን ያንቀሳቅሳል፣ አቧራ ያጣብቅበታል፤ አንዴ ከገባም አይወጣም። መርጫም አይሆንም፤ ብራና እርጥበት ሲነካው ይኮማተራል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ያው ነው።

ከማኅደሩ አውጥተው ነጭ ጨርቅ ላይ ያድርጉት፤ የረገፈውን ዱቄት ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ። ጨርቁን ለውጠው በየሳምንቱ ይመልከቱ፤ አዲስ ዱቄት ከረገፈ ትሉ በሕይወት አለ፣ ካልረገፈ ቀዳዳው የቆየ ነው። ይህ ልዩነት ብዙ ጭንቀት ያስቀራል። ማኅደሩን ለብቻው አራግፈው ነፋስ ያስመቱት፤ ደረቅ ቦታ፣ ከግድግዳ ርቆ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ሳጥኑ ውስጥ የደረቀ ቅርንፉድ በጨርቅ ቋጥሮ ጥግ ላይ፣ መጽሐፉን ሳይነካ ማስቀመጥ ጉዳት የለውም፤ የገባውን ትል ግን አይገድልም። አዲስ ዱቄት ከታየ የጥንት መጻሕፍት እንክብካቤ የሚያውቅ ሰው ሳያየው ምንም አይደረግበት።

ጥያቄ፦ ድመት አለችን። የቅርንፉዱ መርጫ ይጎዳታል?

መልስ፦ ይጎዳታል። የድመት ጉበት እንደ ሰውና እንደ ውሻ ጉበት እነዚህን ንጥረ ነገሮች ፈጥኖ አጣርቶ አያስወጣም፤ ፀጉሯ ላይ ያረፈውንም ስትልስ ትውጠዋለች። በሚረጭበት ቀን ከክፍሉ ትውጣ፤ ወለሉና አልጋው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅና ሽታው ሳይቀንስ አትመለስ። ለቁንጫ ብላችሁ ገላዋን ፈጽሞ አትቀቧት። ምራቅ ካዝረበረበች፣ ከተንገዳገደች ወይም ከተንቀጠቀጠች ገላዋን በላርጎና ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።